ተወካያችን ጥያቄያችንን ማንሣቱን በምን እናውቃለን?

ወተት ተረካቢዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ አንብቤ ዝም ብዬ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን የምጠይቀው አለኝ።

የምኖረው በአንዲት ትንሽ የወረዳ ከተማ ነው። የወተት ኅብረት ሥራ ማኅበር አለን። እኔ ጠዋት ጠዋት ወተት እረከባለሁ፣ እመዘግባለሁ፣ ወደ ዞኑ ከተማ ለሚገዛን ድርጅት ይዤ እሄዳለሁ። መንገዱ 62 ኪሎ ሜትር ነው። በፌዴራል በጀት አስፋልት ይሆናል ተብሎ ሥራው ከተጀመረ አራት ዓመት አልፎታል። ተቋራጩ አፈሩን ገልብጦ፣ ግማሹን ቱቦ ቀብሮ፣ ግማሹን መንገድ ዳር ደርድሮ፣ ማሽኑን ጭኖ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው።

ባለፈው ሐምሌ አንድ ቀን 340 ሊትር ጭነን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ወጣን። ቱቦ ያልተቀበረበት ቦይ ላይ አይሱዙው ተያዘ። ሰው ጠርተን፣ ድንጋይ ደርድረን፣ ገፍተን ስናወጣው ረፈደ። ስንደርስ 7 ሰዓት ሆኗል። ተረካቢው ልጅ እንደ ወትሮው ከእያንዳንዱ ካን ትንሽ ትንሽ ወተት በጠባቧ ብልቃጥ ቀዳ። ያንኑ ያህል አልኮል ጨመረበት። ነቀነቀው። ወተቱ ብልቃጡ ግድግዳ ላይ ፍርፍር ብሎ ቋጠረ። ልጁ ምንም አላለኝም፤ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንሥቶ አሳየኝ። ሁሉንም መለሰልን። በዚያው መንገድ ይዘነው ተመለስን። 43 ገበሬ ነው የዚያን ቀን ገንዘብ ያጣው። አብዛኞቹ ያላቸው አንድ ላም ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። በ2016 ነሐሴ ላይ የፓርላማ ተወካያችን ከመራጮች ጋር ለመወያየት መጥተው ነበር። የወረዳው አዳራሽ ሞልቷል። አራተኛ ተነሥቼ ስለ መንገዱ ተናገርኩ። በጥቁር አጀንዳ ላይ ሲጽፉ በዓይኔ አይቻለሁ። ሲመልሱም ለሚመለከተው አካል እናቀርባለን አሉ። ሰው አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ።

ከዚያ በኋላ ሚኒስትሩ ሪፖርት የሚያቀርቡ ቀን ሥራ ትቼ ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጥኩ። ስለ መንገድ ጥያቄ ተነሣ። በአንዳንድ አካባቢዎች የመንገድ ፕሮጀክቶች መጓተት ይስተዋላል፣ ምን እየተሠራ ነው የሚል ነበር። መልሱም በአንዳንድ አካባቢዎች ችግሮች ነበሩ፣ እየተፈቱ ነው የሚል ሆነ። የእኛ መንገድ ከእነዚያ «አንዳንድ» ከተባሉት ውስጥ ይኑር አይኑር በምን ልወቅ?

የመረጥነው ሰው ጥያቄያችንን ማንሣቱን የምናውቅበት መንገድ አለ ወይ? ካላነሣስ ከቦታው ማውረድ እንችላለን? መንግሥት በእውነት ለተመረጡት ሰዎች መልስ እንዲሰጥ ምን መለወጥ አለበት ትላላችሁ? ከልቤ ነው የምጠይቀው።

---

ሕግ አጥኚው

እህቴ፣ በሕጉ ልጀምር።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ የምክር ቤት አባል ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ብቻ ነው ይላል። ለፓርቲው አይልም። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ደግሞ ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ፣ የአስፈጻሚውን አሠራርም የመመርመር ሥልጣን ይሰጠዋል። አንቀጽ 72 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ተጠሪነታቸው ለተወካዮች ምክር ቤት ነው።

ማውረድ ላልሽው፣ መብቱ አለ። አንቀጽ 12 ሕዝቡ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ካጣ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይናገራል። አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 7ም ያንኑ ይደግማል፤ በሕግ መሠረት ይሁን ይላል እንጂ። ነገር ግን አንድን ተወካይ እምነት አጣንብህ ለማለት መጀመሪያ ምን እንደሠራና ምን እንዳልሠራ ማሳየት ያስፈልጋል። አንቺ አሁን የቸገረሽ እሱ ነው። መረጃው በእጅሽ የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። የአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 18ን ብዙ ሰው አያውቀውም። ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቀ፣ ለአስፈጻሚው በተሰጠ በማናቸውም ሥልጣን ላይ ምክር ቤቱ ይወያያል፤ አስፈላጊ መስሎ የታየውን እርምጃም ይወስዳል። ወንበሩ 547 ነው። አንድ ሦስተኛው 183 ይመጣል። ተቃዋሚዎች በሙሉ ቢሰበሰቡ አሁን ለዚያ ቁጥር አጠገቡም አይደርሱም። እኔ ማሻሻያ ቢደረግ ከዚህ ይጀመር ባይ ነኝ። ቁጥሩ ዝቅ ይበል።

---

የቀድሞ የሂሳብ ሹም

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ከሌላው ወገን ነኝ። ተጠያቂ ከሚባለው ወገን ማለቴ ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ ባለ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት በሂሳብ ክፍል 27 ዓመት ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ስለዚህ ፓርላማው ሲጠይቅ በእኛ በኩል ምን እንደሚመስል ልንገርሽ።

አንድ ዓመት ደብዳቤ መጣ። ቋሚ ኮሚቴው ለመስክ ምልከታ ይመጣል ይላል። አሥር ቀን ነበረን። በአሥሩ ቀን አጥር ተቀባ፣ ለዓመታት የጠፋ አምፑል በራ፣ ሣር ታጨደ። የእኔ ጭንቀት ግን ሌላ ነበር። ግምጃ ቤት ውስጥ ከሦስት ዓመት በፊት የተገዙ 14 ሣጥን ማሽኖች አሉ። ተገዙ፣ ገቡ፣ ከዚያ አልተከፈቱም። የሚተከሉበት ክፍል ሳይሠራ ነው የተገዙት። የታችኞቹ ሣጥኖች እርጥበት ጠጥተው ካርቶናቸው አብጧል። ስትነኪው ጣትሽ ይሰምጣል።

ኮሚቴው መጣ። ገለጻ ተደረገ፣ ሻይ ተጠጣ፣ ጉብኝት ተጀመረ። ግምጃ ቤቱ ጋ ሲደርሱ በሩ ተቆልፏል። ቁልፍ ያዡ ፈቃድ ላይ ነው ተባለ። ፈቃድ ላይ አልነበረም። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ። ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ሳልናገረው ከምቀር ብዬ ነው።

ከአባላቱ አንዲት ሴት ነበሩ፤ ነጠላ የለበሱ፣ ብዙ የማይናገሩ። በሩን አየት አደረጉና ወደ እኔ ዞረው የማሽኖቹን ሞዴል 19 አሳየኝ አሉ። ገቢ የተደረጉበትን ደረሰኝ ማለት ነው። ቢሮዬ ወስጄ አወጣሁላቸው። ቀኑን በጣታቸው አዩት። ከሦስት ዓመት በፊት ይላል። ቀጥለው ሞዴል 22ቱስ አሉ። ወጪ የተደረጉበት የለም። ከመጋዘን አልወጡማ! ኃላፊው ቀበል አድርገው ተከላው በሂደት ላይ ነው አሉ። ሴትዮዋ በሂደት ላይ የሚለውን ጻፉ። ከዚያ ሄዱ።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ያገኙን መስሎኝ ነበር። ትክክለኛዋን ጥያቄ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው የጠየቁት። በማግስቱ ኃላፊው ራሳቸው ክፍሉን ማሠራት የሚያስችል ገንዘብ ካለ ፈልግ ብለውኛል። እውነት ነው የምልሽ። አንድ ጥያቄ ያን ያህል ጉልበት አለው። ሁለት ወር ጠበቅን። ስድስት ወር ጠበቅን። ደብዳቤም ሰውም አልመጣም። በዓመቱ ኮሚቴው ሌላ መሥሪያ ቤት ሄደ፤ ሴትዮዋም ወደ ሌላ ኮሚቴ ተዛውረዋል ሲባል ሰማን። ክፍሉ ተረሳ። ጡረታ ስወጣ ሣጥኖቹ እዚያው ነበሩ።

ስለዚህ ፓርላማው አይጠይቅም የሚለውን ሰው አልቀበልም። ይጠይቃል። የሚጎድለው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። ተመልሶ መጥቶ «ያ ነገር የት ደረሰ?» የሚል ሰው ነው የሌለው። እኛ ባለሥልጣኖቹም ባለሙያዎቹም ይህን ጠንቅቀን እናውቃለን። የመጀመሪያውን ጥያቄ በትህትና ከመለስሽ አለፈልሽ።

ኦዲቱም እንደዚሁ ነው። ዋና ኦዲተር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 መሠረት ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለተወካዮች ምክር ቤት ነው። ኦዲተሮቹ ጎበዞች ናቸው። ያልተወራረደ ሂሳብ፣ ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪ፣ ያለ ጨረታ የተፈጸመ ግዥ፣ አንዱንም አያልፉም። እኔ መልስ አዘጋጅ ስለነበርኩ ፎርሙን አውቀዋለሁ። በአንድ በኩል ግኝቱ፣ በሌላ በኩል የመሥሪያ ቤቱ ምላሽ። በምላሹ በኩል እርምጃ እየተወሰደ ነው ብለን እንጽፋለን። በዓመቱ ያው ግኝት ይመጣል። እኔም ያምናውን ደብዳቤ አውጥቼ ቀኑን ለውጬ አትመዋለሁ። ለአንድ 80 ሺህ ብር ላልተወራረደ አበል አምስት ዓመት አንድ ዓይነት መልስ ሰጥቻለሁ። አምስት ዓመት! ወስደውት የነበሩት ሰውዬ በሦስተኛው ዓመት ሞተዋል።

ጊዜውንም እዪው። የዋና ኦዲተር ዓመታዊ ሪፖርት ለምክር ቤቱ የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ ሰኔ አካባቢ ነው። የመጪው ዓመት በጀትም የሚጸድቀው ሰኔ ነው። የ2018ቱ 1.93 ትሪሊዮን ብር በጀት ሰኔ መጀመሪያ ላይ ቀርቦ ሰኔ ሳያልቅ ጸደቀ። ሰኔ 30 ምክር ቤቱ ለዕረፍት ይዘጋል። የሚከፈተው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው። ያም በሕገ መንግሥቱ የተጻፈ ነው። እንግዲህ ባለፈው ዓመት ብሩ እንዴት እንደጠፋ በተሰማ በቀናት ውስጥ ለዚያው መሥሪያ ቤት አዲስ ብር ይፈቀዳል። ከዚያ ሦስት ወር ማንም ማንንም አይጠይቅም። በሂሳብ ሰው ዓይን ሲታይ ዋናው ቀዳዳ እዚህ ነው። የኦዲት ሪፖርቱ መጋቢት ላይ ቢመጣ፣ ግኝቱን ያላስተካከለ መሥሪያ ቤት በጀቱ ከመጽደቁ በፊት ቀርቦ ቢያስረዳ፣ እመኚኝ፣ ያንን 80 ሺህ ብር እኔ ራሴ ተሯሩጬ አወራርደው ነበር።

---

ከለንደን

ሰላም። እዚህ ስኖር 19 ዓመቴ ነው። ወተት ተረካቢዋ በምን እናውቃለን ያለችው ስለነካኝ ነው የምጽፈው።

እዚህ እንደመጣሁ ሰሞን አንድ መሥሪያ ቤት ፋይሌን ይዞ ወራት አስቆጠረ። ሥራ ቦታ የማውቃት ናይጄሪያዊት ለምን ለፓርላማ ተወካይሽ አትነግሪም አለችኝ። ያኔ ዜግነት የለኝም፤ ሰውየውን አልመረጥኩትም፤ መምረጥም አልችልም ነበር። ሠፈርሽ ከሆነ ይበቃል አለችኝ። አርብ ከሰዓት ሠፈራችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከልጆች መጻሕፍት አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ተራ ይዤ ገባሁ። የተሰባበረ እንግሊዝኛዬን ታግሰው ሰሙኝ። ረዳታቸው የፋይል ቁጥሬን ጻፈች። በሦስተኛው ሳምንት ፖስታ መጣልኝ። ውስጡ ሁለት ወረቀት ነበር። አንዱ ተወካዩ ለመሥሪያ ቤቱ የጻፉት፣ ሁለተኛው መሥሪያ ቤቱ ለእሳቸው የመለሰው። ስሜና የፋይል ቁጥሬ ሁለቱም ላይ አለ። እስካሁን አስቀምጬዋለሁ።

ጋሼ ያሉት ሁለተኛው ጥያቄ እዚህ በሥርዓት የተቀመጠ ነገር ነው። ረቡዕ ረቡዕ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፓርላማ ቀርበው ለግማሽ ሰዓት ያህል ይጠየቃሉ። የዋናው ተቃዋሚ ፓርቲ መሪ ስድስት ጥያቄ አለው። አንዱን ይጠይቃል፣ መልስ ይሰማል፣ መልሱ ካላረካው በዚያው ላይ ሁለተኛውን ይደግማል። በእኛ አገር ፓርላማ ግን አባላቱ ተራ በተራ ጠይቀው ይቀመጣሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሁሉንም ጠቅልለው ረጅም መልስ ይሰጣሉ። ያልተመለሰችዋ ጥያቄ መሐል ላይ ትቀልጣለች። ተነሥቶ ያቺን አልመለሱልኝም የሚል ሲነሣ አይታይም።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን በጽሑፍ የሚቀርበው ጥያቄ ነው። እዚህ ማንኛውም አባል ለሚኒስትር በጽሑፍ ጥያቄ ያቀርባል። ጥያቄውም መልሱም ከነስማቸው ይታተማል። የእህታችን መንገድ እዚህ ቢሆን ተወካይዋ አንዲት መስመር ትጽፍ ነበር። ከዚህ ከተማ እስከዚያ ከተማ ያለው 62 ኪሎ ሜትር መንገድ ሥራው ለምን ቆመ፣ መቼ ይቀጥላል ብላ። ቴሌቪዥን አያስፈልገውም፤ ንግግር አያስፈልገውም። መልሱ እስከ ዘላለም ተጽፎ ይቀመጣል።

ማውረድም አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሕግ አለ። ተወካዩ እንደ እስራት ፍርድ ወይም የረዘመ እገዳ ያለ በሕጉ የተዘረዘረ ጥፋት ሲገኝበት፣ ከመራጩ 10 በመቶው በስድስት ሳምንት ውስጥ ከፈረመ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። በ2019 ፒተርቦሮ ላይ ተፈጽሟል። ሥራውን አልሠራም ተብሎ ብቻ ግን ማውረድ አይቻልም። በዚህስ የእኛ ሕገ መንግሥት ይሰፋል።

እዚህ ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ ነው እያልኩ አይደለም። መንግሥት ብዙ ወንበር ሲይዝ የፈለገውን ያሳልፋል። ነገር ግን ማን ደገፈ፣ ማን ተቃወመ የሚለው ወዲያው በስም ይወጣል። አባላቱ በሁለት በር ተለያይተው ሲያልፉ ይቆጠራሉ፣ ስማቸው ይጻፋል። ጎረቤቴ ያለው ሱቅ ባለቤት ተወካዩ በየትኛው ሕግ ላይ ምን ድምፅ እንደሰጠ ስልኩን አውጥቶ ያሳየኛል።

---

አራት ኪሎ አካባቢ ያደግኩት

ሁላችሁም ጥሩ ተናግራችኋል፤ ግን ዋናውን ነገር እየዞራችሁት ነው።

ቁጥሩን ተመልከቱ። በ2002 ምርጫ ከ547 ወንበር ውስጥ ተቃዋሚ ያገኘው አንድ ነበር። አንድ የግል ተወዳዳሪም ገባ። በ2007 አንድም የለም፤ ሁሉንም ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱት። በ2013 ከተቃዋሚ ፓርቲዎች አብን 5፣ ኢዜማ 4፣ ሌሎችም ጥቂት ገቡ። ትግራይ ምርጫ አልተካሄደም። በምርጫ ክልሉ አንድ ድምፅ የበለጠ ሁሉን ይወስዳል በሚል ሥርዓት 40 በመቶ የመረጠው ሰው ድምፁ ዜሮ ይሆናል። መጀመሪያ እሱ ይስተካከል። ፓርቲዎች ባገኙት ድምፅ ልክ ወንበር ይያዙ። ያ ሳይሆን ስለ ሁለተኛ ጥያቄ ማውራት ለእኔ ጣሪያ ሳይኖር ስለ መጋረጃ ማውራት ነው።

የጠያቂውስ ደኅንነት? የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ቋሚ ኮሚቴን የሚመሩት የአብኑ ክርስቲያን ታደለ ነበሩ። የኦዲት ግኝት የሚመረምረው ኮሚቴ ነው። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ ታሰሩ። ያለመከሰስ መብታቸው በምክር ቤቱ የተነሣው ከታሰሩ ወራት በኋላ ነው። ሕገ መንግሥቱ ግን መጀመሪያ የምክር ቤቱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ እጅ ከፍንጅ ከተያዘ በስተቀር። ስለ ሰውየው ፖለቲካ የፈለጋችሁትን አስቡ። እኔ የምለው ስለ ወንበሩ ነው። እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ይህን አይቶ ምን ያህል ይደፍራል?

---

የቀድሞ የሂሳብ ሹም

ወንድሜ፣ ስለ ወንበሩ ያልከው ልክ ነው። አንዲት ፊደል አልቀንስበትም። አባሉን የሚጠብቀው ያ አንቀጽ ነው። እሱ ከላላ ሁሉም ይላላል። የምርጫ ሥርዓቱም ይለወጥ፤ አልከራከርህም።

ግን መጀመሪያ እሱ ይሁን ማለትህን አልቀበልም። በ2002 የገቡትን አንዱን ተቃዋሚ አስታውስ። አቶ ግርማ ሰይፉ ነበሩ። ያን አምስት ዓመት ዜና ሲነበብ አዋጁ በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ ይባል ነበር። ያ አንዱ ማን እንደሆነ ለማወቅ ስም መጥራት አያስፈልግም ነበር። የሠፈራችን ሻይ ቤት ውስጥ አስተናጋጇ ሳትቀር ታውቃለች። አዋጁን አልጣሉትም፤ አንድ እጅ አዋጅ አይጥልም። ግን እኚህ ሰው በዚህ አዋጅ ላይ ይህን አደረጉ ብሎ መናገር ይቻል ነበር። መራጮቻቸውም ይችሉ ነበር።

የቀሩት 546ቱስ? እነሱም የሰው ልጆች ናቸው፤ እነሱም መራጭ አላቸው። ኅሊናም አላቸው። እኔ ያየኋቸው ነጠላ ለባሿ ሴት የገዢው ፓርቲ አባል ነበሩ። ትክክለኛዋን ጥያቄ የጠየቁት እሳቸው ናቸው። አሁን ድምፅ ሲሰጥ ይህን ያህል ድጋፍ፣ ይህን ያህል ተቃውሞ፣ ይህን ያህል ድምፀ ተአቅቦ ተብሎ ቁጥር እንሰማለን። ቁጥር ፊት የለውም። የእኔ ተወካይ እጅ የትኛው ውስጥ እንዳለ አላውቅም። በስም ይውጣ። ለዚህ ሕገ መንግሥት ማሻሻል አያስፈልግም፤ ምክር ቤቱ በራሱ የአሠራር ደንብ ሊያደርገው ይችላል። ቋሚ ኮሚቴ መስክ ወርዶ ያየውንም በስድስት ወሩ ተመልሶ እንዲያይ የሚያስገድድ አንድ መስመር በዚያው ደንብ ይግባ። ትልቁን እስክናገኝ ትንሹን መተው የለብንም። እኔ 27 ዓመት ያየሁት፣ ትንሿ ደረሰኝ ናት ትልቁን ሰው የምታስደነግጠው።

---

ወተት ተረካቢዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሳነብ ነበር።

ጋሼ፣ የእርስዎ ሣጥኖች ከዓይኔ አልጠፉም። እኔም ያን ቀን አዳራሽ ውስጥ ያጨበጨብኩት ለመጀመሪያው ጥያቄ ነው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ደውዬ የት ደረሰ አላልኩም። ሰውየው ብቻ ሳይሆኑ እኔም አልተመለስኩም።

የለንደኗ እህቴ ስለ ፖስታው ስትጽፍ ሐሳብ መጣልኝ። ትናንት ከማኅበሩ ሰብሳቢ ጋር ተቀምጠን ለተወካያችን ደብዳቤ ጻፍን። 43ቱም ይፈርማሉ፤ አሥራ ሰባቱ ዛሬ ጠዋት ወተት ሲያስረክቡ ፈርመዋል። መጻፍ የማይችሉት በጣት አሻራ። አንድ አዛውንት ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ካደረጉ በኋላ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አዩትና ይኼ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል ወይ አሉኝ። ይሄዳል አልኳቸው።

ደብዳቤው እንዲህ ይላል። እባክዎ ጋሼ፣ አርሙልኝ።

«ክቡር ሆይ፣ በነሐሴ ወር 2016 በወረዳችን አዳራሽ ስለ 62 ኪሎ ሜትሩ መንገድ ያቀረብነውን ጥያቄ መዝግበው ነበር። ጥያቄውን ለየትኛው መሥሪያ ቤት፣ በየትኛው ቀን እንዳቀረቡልንና ምን መልስ እንዳገኙ በጽሑፍ እንዲያሳውቁን እንጠይቃለን። ካልቀረበም ለሚመለከተው ሚኒስትር የመንገዱን ስም ጠርተው በጽሑፍ እንዲያቀርቡልን እንለምናለን።»

---

የቀድሞ የሂሳብ ሹም

ልጄ፣ ደብዳቤው ቆንጆ ነው። ሦስት ነገር ብቻ።

እንለምናለን የሚለውን አውጪው። እንጠይቃለን ይበቃል። ከላይም ብለሽዋል።

መጨረሻ ላይ ቀን ጨምሪ። እስከዚህ ቀን መልስ እንጠብቃለን በይ። ቀን የሌለው ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ይተኛል። እኔ ራሴ ስንቱን አስተኝቻለሁ።

ሦስተኛው፣ በሁለት ቅጂ አድርጊው። አንዱ ላይ የተቀበለው ሰው ስሙን፣ ቀኑንና ፊርማውን ያኑር። ያቺን ቅጂ አንቺ ያዢ። ክረምት ላይ ለውይይት ሲመጡ እሷን ይዘሽ አዳራሹ ፊት ለፊት ተቀመጪ።

---

ወተት ተረካቢዋ

አስተካክዬዋለሁ ጋሼ። የቀሩት ሃያ ስድስቱ ነገ ጠዋት ይፈርማሉ። ከ12 ሰዓት ጀምሮ እዚያው መረከቢያው በር ላይ ነኝ።